በልምምድ የወደቁ

ነሐሴ 1 ቀን 1933 ዓ.ም. ጣሊያን ውስጥ፣ ፒሳ ከተማ አጠገብ፣ አንድ ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ከሚገባው በላይ ዝቅ ብሎ ሲበር ከመኖሪያ ቤት ጋር ተላተመ። እሳት አልተነሳም። አብራሪዎቹ የሚቀመጡበት የፊተኛው ክፍል ግን ከቀረው አካል ተገንጥሎ ተጨፈለቀ። ሦስት ሰዎች ሞቱ፣ አምስት ቆሰሉ። አውሮፕላኑ ፒያጆ ፒ 108 ይባላል፤ ጣሊያን በዚያ ጦርነት ያሰለፈችው ብቸኛ ባለ አራት ሞተር ከባድ ቦምብ ጣይ ነው። በዚያን ቀን የተነሳው ቦምብ ሊጥል አልነበረም፤ የሙከራ በረራ ላይ ነበር። ከሞቱት አንዱ የጓዱ አዛዥ፣ የ23 ዓመቱ ብሩኖ ሙሶሊኒ ነው። አዎ፣ የዚያው የሙሶሊኒ ልጅ።

ስሙ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ገና 17 ዓመቱ ሳለ፣ ከታላቅ ወንድሙ ከቪቶሪዮ ጋር ኢትዮጵያ ላይ ቦምብ ሊጥል መጥቶ ነበር። የእህታቸው ባል ጋሊያሶ ቻኖም የራሱን ጓድ እየመራ አብሯቸው ነበር። ቪቶሪዮ በኋላ ስለዚያ ጊዜ መጽሐፍ ጻፈና ቦምብ መጣልን እንደ ጨዋታ አድርጎ አወራው። ብሩኖ የጻፈው መጽሐፍ የለም። እሱ ሲሞት ስለ እሱ የጻፈው አባቱ ነው፤ ያውም በሞተ በወራት ውስጥ።

እስቲ ቀኖቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን 1933 ነው። አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27። ብሩኖ ፒሳ ላይ ሲወድቅ ደብረ ማርቆስ ነፃ ከወጣች አራት ወር አልፏት ነበር። ልጁ ከኢትዮጵያ ሰማይ በሕይወት ተመልሷል። የሞተው አገሩ ውስጥ፣ ማንም ሳይተኩስበት፣ አዲስ አውሮፕላን ሲሞክር ነው።

ይህን ታሪክ ፈልጌ አላገኘሁትም፣ ከካርታ ነው የጀመረው። ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፤ ትርፍ ጊዜ ሳገኝ ደግሞ ኦፕንስትሪትማፕ የሚባለውን፣ ማንም ገብቶ ሊያርመው የሚችለውን የዓለም ካርታ እነካካለሁ። የተወለድኩት ሉማሜ ነው። ለማታውቋት፦ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ስትሄዱ መሀል ላይ የምታገኟት የአዋበል ወረዳ ከተማ ናት። አብዛኛው መንገደኛ የሚያውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው። ካርታው ላይ መንገዶቿን፣ ቤተ ክርስቲያኖቿን፣ ትምህርት ቤቶቿን ስሞላ ቆይቼ «መታሰቢያ» የሚለው ምልክት ሌላው ዓለም ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ እንግሊዝ ገጠር ሄድኩ። በማውዝ ማለቴ ነው።

እዚያ ምልክቱ እንደ ጤፍ ተዘርቷል። ብዙዎቹ የአንደኛው የዓለም ጦርነት የመንደር ሐውልቶች ናቸው። በመሀል በመሀል ግን ከመንደር ወጣ ያሉ፣ በመንገድ ዳር፣ በእርሻ አጥር ሥር፣ በኮረብታ ወገብ ላይ የቆሙ ትንንሽ ድንጋዮች አሉ። ጽሑፋቸው ተመሳሳይ ነው። የአውሮፕላኑ ዓይነት፣ ቀን፣ ከዚያ አምስት ወይም ስድስት ስም። ዕድሜያቸው የተጻፈ እንደሆነ 19፣ 20፣ 22። ብዙዎቹ ላይ ደግሞ አንድ ሐረግ አለች፦ በልምምድ በረራ ላይ ሳሉ።

ይህቺ ሐረግ ናት ያቆመችኝ። እኛ ዘንድ ለጦርነት ሙታን ያለን ቃል «የወደቀ» ነው፤ ዓድዋ ላይ የወደቀ፣ ማይጨው ላይ የወደቀ። ከኋላው የጦር ሜዳ ስም ይፈልጋል። ጦር ሜዳው ሳይደርስ፣ ለመሄድ ሲዘጋጅ የሞተውን ምን እንለዋለን? «አደጋ ደረሰበት» እንላለን። አደጋ ደግሞ ሐውልት አይቆምለትም።

ቁጥሩ ግን በአደጋ የሚታለፍ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ዕዝ 55,573 ሰው አጥቷል። ከዚህ ውስጥ ከ5,000 በላይ የሚሆኑት በሥልጠና ላይ የሞቱ ናቸው። አሜሪካ ደግሞ የጠላት አውሮፕላን ብዙም ያልደረሰበት የገዛ ምድሯ ላይ፣ ሥልጠናና መሰል በረራ ላይ ብቻ፣ ወደ 15,000 የሚጠጋ የአየር ኃይል ሰው ቀብራለች። ምንም ያልተተኮሰበት ጦር ሜዳ ነው።

ለምን ይህን ያህል? የሥልጠናውን አሠራር ስታዩት ይገባችኋል። አብራሪው ለብቻው፣ አቅጣጫ መሪው ለብቻው፣ ሬዲዮ ሠራተኛው፣ ቦምብ አነጣጣሪውና ተኳሹ ለየብቻቸው ተምረው ሲጨርሱ አንድ ትልቅ የአውሮፕላን መጠለያ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ከዚያ አለቆቹ «በሉ ተመራረጡ» ብለዋቸው ይወጣሉ። ልጆቹ እየተዘዋወሩ፣ ፊት እያዩ፣ ሲጋራ እየተቀባበሉ ራሳቸው ቡድን ይሆናሉ። የካምፓስ ግሩፕ አሳይንመንት ትዝ ካላችሁ ልክ እንደዚያ፤ ልዩነቱ እዚህ ሰነፍ ጓደኛ ከደረሳችሁ ኤፍ ሳይሆን ተራራ ነው የሚጠብቃችሁ። ይህ ቡድን የሚሰጠው አውሮፕላን ብዙ ጊዜ ከጦር ግንባር ያረጀና የተጠገነ ዌሊንግተን ነው። አዲሱ አውሮፕላን ወደ ጦርነቱ ይሄዳል፣ ያረጀው ወደ ጀማሪው ይመጣል። ከዚያ በሌሊት፣ አገሩ በሙሉ መብራት አጥፍቶ በተቀመጠበት፣ በደመና ውስጥ፣ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ በካርታና በሰዓት ብቻ እየተመሩ መብረርን ይለማመዳሉ። አቅጣጫ መሪው በጥቂት ደቂቃ ከተሳሳተ ሜዳ ነው ብሎ ዝቅ ያለበት ቦታ ተራራ ይሆናል።

አስተማሪዎቹስ? ብዙዎቹ 30 የጦርነት በረራ ጨርሰው «ዕረፍት» የተሰጣቸው ናቸው። የጀርመንን መድፍ ሠላሳ ጊዜ አምልጦ ተማሪ አጠገብ ተቀምጦ መሞት ነበረ። ይህን ሳነብ ድንጋዮቹ ላይ ካሉት ስሞች አንዳንዶቹ ለምን በዕድሜ ትንሽ ከፍ እንደሚሉ ገባኝ።

ሰው ሳይሞት መለማመድ ይቻላል የሚለው ሐሳብ ያኔም ነበር። ኤድዊን ሊንክ የሚባል አሜሪካዊ አባቱ ኦርጋን ይሠሩ ነበር። ልጁ የኦርጋኑን ወናፍ ወስዶ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ አውሮፕላን የሚንገዳገድ ሣጥን ሠራ፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1929 ነው። መጀመሪያ ብዙ ሰው የመዝናኛ ፓርክ መጫወቻ መሰለው። በጦርነቱ ጊዜ ግን ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚሆን አብራሪ በዚያ ሣጥን ውስጥ አልፏል። የዛሬው ሲሙሌተር አያት ነው። ሙያዬ ሆኖ ይሄን ታሪክ እወደዋለሁ፤ ኮዳችንን ሰው እጅ ሳይደርስ የምንሞክርበት ስቴጂንግ የምንለው ነገር ሥሩ የኦርጋን ወናፍ መሆኑን ማሰብ ደስ ይላል።

ደስታዬ ግን እዚህ ላይ ይቆማል። ምክንያቱም እኔ የማየው ድንጋዮቹን ከጎጃም ሆኜ ነው።

አያቴ የአውሮፕላን ድምፅ ስትሰማ ቀና አትልም ነበር። እኛ ልጆቹ ሮጠን ወጥተን እጃችንን ስናወዛውዝ እሷ ከምድጃዋ አትነሳም። «ምኑን ታያላችሁ፣ ግቡ» ትላለች። ጎጃም በጣሊያን ላይ በሙሉ ሲነሳ፣ በ1930 ዓ.ም. ግድም፣ እሷ ትንሽ ልጅ ነበረች። ቢቸናን የያዘው በላይ ዘለቀ፣ በሌላው አውራጃም ሌሎቹ አርበኞች ምሽጎቹን ሲከቡ ጣሊያን በየብስ መድረስ ያቃተው ቦታ ላይ በአየር ይደርስ ነበር። ለተከበበው ወታደሩ ስንቅ ይጥላል፣ ለከበበው ገበሬ ቦምብ። ሁለቱንም የሚሠራው አንድ አውሮፕላን ነው፤ ካፕሮኒ 133። ጣሊያኖቹ «ላም» የሚል ቅጽል ስም ሰጥተውታል። አያቴ ይህን ቅጽል ብትሰማ ምን ትል እንደነበር እገምታለሁ፣ አልጽፈውም።

እንግዲህ እነዚያ የ20 ዓመት ልጆች በሌሊት ሲለማመዱት የነበረው ነገር ይህንኑ ነው። ከፍ ብሎ መብረር፣ ከተማ መፈለግ፣ መጣል፣ መመለስ። ሥልጠናቸውን ጨርሰው ያለፉት ጓደኞቻቸው ሐምሌ 1935 ዓ.ም. ሐምቡርግን ሲያቃጥሉ ከ30,000 በላይ ሰው ሞቷል፤ አብዛኛው ሲቪል። በመንገድ ዳር ያለው ድንጋይ ይህን አይናገርም። ልጆቹ ምን ሊማሩ እንደወጡ ሳይሆን መውጣታቸውንና አለመመለሳቸውን ነው የሚናገረው።

መናገር ነበረበት? ብዙ አሰብኩበት። አልነበረበትም ባይ ነኝ። ድንጋዩ የቆመው እዚያ ቦታ ላይ ለሞቱት ስድስት ሰዎች ነው፣ እነሱ ደግሞ ማንንም ሳይገድሉ ሞተዋል። ብዙዎቹን ድንጋዮች ያቆሙትም መንግሥታት አይደሉም፤ አደጋውን በልጅነታቸው ያዩ ገበሬዎች፣ የመንደር ማኅበራት፣ የሟች ወንድሞችና እህቶች ናቸው። ግን ይህ ሚዛን የሚይዘው ሌላ ቦታ ላይ ከታች የነበሩትም ከተቆጠሩ ብቻ ነው።

ተቆጥረዋል ወይ? ለንደን ውስጥ፣ ግሪን ፓርክ የሚባለው መናፈሻ ዳር፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 28 ቀን 2012 ለቦምብ ጣይ ዕዝ ትልቅ መታሰቢያ ተመረቀ። ከነሐስ የተሠሩ ሰባት የአውሮፕላን ሠራተኞች ከበረራ ተመልሰው ሰማዩን ያያሉ። ጦርነቱ ካለቀ 67 ዓመት በኋላ መሆኑ ራሱ ይናገራል፤ እንግሊዞቹም በእነዚህ ሰዎች ጉዳይ ለብዙ ጊዜ አፍረት ቢጤ ነበረባቸው። እዚያ መታሰቢያ ላይ አንድ ጥሩ ነገር አለ። በቦምብ ድብደባ ለሞቱት የሁሉም አገር ሰዎችም ጭምር መታሰቢያ ይሁን የሚል ጽሑፍ ተቀርጾበታል። ዓመቱንም ይጠቅሳል፦ ከ1939 እስከ 1945። በእነሱ አቆጣጠር ማለት ነው። በዚሁ አቆጣጠር ዓድዋ በቦምብ የተመታችው 1935 ላይ ነው። አራት ዓመት ቀደምን።

በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ 2004 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ውስጥ አፊሌ በምትባል ትንሽ ከተማ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ሌላ መታሰቢያ ተመርቋል። ለሮዶልፎ ግራዚያኒ። ስለዚህኛው ረጅም ነገር መጻፍ አልፈልግም። የአዲስ አበባ የየካቲት 12 ሐውልት በቂ መልስ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ በጎጃም ሰማይ ላይ የበረረው ሁሉ ጠላት አልነበረም። ኅዳር 1933 ዓ.ም. አንድ የእንግሊዝ አውሮፕላን ሜጀር ዊንጌትን ይዞ ከሱዳን ተነስቶ ጎጃም ውስጥ፣ ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከአርበኞቹ ጋር በሰፈረበት አካባቢ፣ በእጅ የተደላደለ ሜዳ ላይ አርፎ ተመልሷል። አብራሪው እዚያ ማረፍን የትም ሊለማመደው አይችልም ነበር። ከሱዳን የሚነሱ የእንግሊዝ ቦምብ ጣዮችም በዳንግላና በቡሬ የነበሩትን የጣሊያን ሰፈሮች ሲመቱ ለአርበኛው ትልቅ ነገር ነበር፤ አምስት ዓመት ሙሉ የጠላት ብቻ የነበረው ሰማይ ጎራ ቀየረ።

ሁለተኛው ለመጻፍ የሚከብደው ነው። ጣሊያን ከመምጣቱ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ፣ በራስ ጉግሣ ወሌ ጦር ላይ መጀመሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎ ቦምብ ከአውሮፕላን የጣለው የገዛ መንግሥታችን ነው። አብራሪዎቹ ቅጥር ፈረንጆች ነበሩ፣ ትእዛዙ ግን የእኛ። ራስ ጉግሣ በዚያ ውጊያ ሞቱ። በጌምድር ውስጥ ላለች አያት ቀና ላለማለት ሌላ ምክንያት አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዓድዋ፣ ወደ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. እንመለስ። የጣሊያን ቦምብ ጣዮች ከተማዋ ላይ ሲያንዣብቡ ከታች አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ነበር። ጆን ሮቢንሰን ይባላል፣ ጋዜጦቹ «ብራውን ኮንዶር» ያሉት። ከአዲስ አበባ መልእክት ይዞ በርሮ የመጣ ነው። ያ ሕዝብ የሚሮጥበትን፣ የሚወድቅበትን ቀን በዓይኑ አየ።

ሮቢንሰን ያደገው ሚሲሲፒ፣ ገልፍፖርት ነው። ቱስኪጊ የመኪና መካኒክነት ተማረ። ቺካጎ ሄዶ አንድ የበረራ ትምህርት ቤት በቆዳው ቀለም ምክንያት አልቀበልም ሲለው በዚያው ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረና ወለል እየጠረገ ትምህርቱን አዳመጠ። በኋላ እዚያው ተምሮ ፈቃዱን አወጣ፤ ከጓደኛው ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋር ሆኖ ሌሎች ጥቁሮችን ማስተማር ጀመረ። ያኔ አሜሪካ የሕክምና ትምህርት ይከታተል የነበረው መላኩ በያን ስለ እሱ ሰማ፣ በ1927 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጣ።

ከእሱ በፊት አንድ ሌላ ጥቁር አብራሪ መጥቶ ነበር፣ ሁበርት ጁሊያን። የእሱ ታሪክ አጭርና አስቂኝ ነው። በ1923 ለንግሥና በዓሉ ዝግጅት ሲደረግ የንጉሡን አዲስ አውሮፕላን፣ ከለንደን በስጦታ የመጣውን ጂፕሲ ሞዝ፣ አስነስቶ ባሕር ዛፍ ላይ ሰቀለው። እሱ ተርፏል፣ ከአገር ግን ተባሯል። የእኛ አቪዬሽን የመጀመሪያው ዝነኛ የልምምድ አደጋ ይህ ነው፤ አገሪቱ የነበሯት አውሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ ኪሳራው ቀላል አልነበረም።

ሮቢንሰን የተረከበው አየር ኃይል ከሃያ ብዙም የማይበልጡ አውሮፕላኖች ነበሩት። አብዛኞቹ መሣሪያ የላቸውም። በእነዚህ ጦርነት አይገጠምም፤ መልእክት፣ መድኃኒት፣ ሰው ማመላለስ ነበር ሥራቸው፣ ያውም የጣሊያን ተዋጊ አውሮፕላን እየጠበቃቸው።

እዚህ ላይ አንድ ቀን ጣልቃ ላስገባ። ዓድዋ ከተመታች ከ27 ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 19 ቀን 1928፣ አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ሞዴል 299 የተባለ አዲስ ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ ለሙከራ ተነሳ፣ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ተዘቅዝቆ ወደቀ። ዋና አብራሪው ሜጀር ፕሎየር ሂልና የቦይንጉ አብራሪ ሌስሊ ታወር ሞቱ። አውሮፕላኑ ምንም አልጎደለውም ነበር። መሬት ላይ ሲቆም ነፋስ እንዳይመታው ክንፈ ጭራውን የሚይዘውን መቆለፊያ ሳይፈቱ ነው የተነሱት። ብልሃተኛ ሰዎች ነበሩ፤ ችግሩ አውሮፕላኑ በአንድ ሰው ጭንቅላት ከሚያዘው በላይ ውስብስብ ሆኖ መምጣቱ ነው። ከዚያ የመጣው መፍትሔ አዲስ ማሽን ሳይሆን ወረቀት ሆነ፦ ከመነሳትህ በፊት ይህን አይተሃል? ይህንንስ? ቼክሊስት። አውሮፕላኑ በኋላ ቢ 17 ተብሎ በሺዎች ተመረተ፣ በሂል ስም ደግሞ ዩታ ውስጥ ያለ የጦር አየር ማረፊያ ተሰየመ። ዛሬ እኛ ኮድ ፕሮዳክሽን ላይ ከመጫናችን በፊት የምንሞላት ቅጽ የዚያች ወረቀት የልጅ ልጅ ናት።

ይህን የማነሳው ለሙያዬ ጉራ አይደለም። ከቢሾፍቱ አለፍ ብሎ፣ ቱሉ ፋራ ላይ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የ157 ሰው ሕይወት ያለፈበት የበረራ ቁጥር 302 አደጋ መሀል ላይ የነበረው ሶፍትዌር ነው። በአንድ ሴንሰር ንባብ ብቻ ተማምኖ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ መሬት የሚገፋ ፕሮግራም። አምራቹ ይህ ፕሮግራም መኖሩን መጀመሪያ ለአብራሪዎች በመመሪያው አልነገራቸውም። ከድሮው ሞዴል ወደ አዲሱ ለመሸጋገርም ሲሙሌተር አያስፈልግም፣ ለጥቂት ሰዓት ኮምፒውተር ላይ መማር ይበቃል ተባለ፤ ሲሙሌተር ለደንበኛ ወጪ ነዋ። ከአምስት ወር ባነሰ ጊዜ በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ በዚሁ ምክንያት 189 ሰው ሞቶ ነበር። የኦርጋን ሠሪው ልጅ ሣጥን ተሠርቶ ዘጠና ዓመት ካለፈው በኋላ ነው ይህ የሆነው። በልምምድ ስለሞቱት ሳስብ ልምምድ ስለተነፈጋቸውም አስባለሁ።

ያ አካባቢ ከቢሾፍቱ ሩቅ አይደለም፣ ቢሾፍቱ ደግሞ የአየር ኃይላችን ቤት ናት። ከነፃነት በኋላ ኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹን እውነተኛ ቦምብ ጣዮቿን ያገኘችው እዚያ ነው፤ ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ ከስዊድን የመጡ ሳብ 17 አውሮፕላኖች። አሠልጣኞቹም ስዊድኖች ነበሩ። አዛዣቸው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በ1928 በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኛ ያመላልስ የነበረ ሰው ነው፤ በኋላ 1969 ላይ ጎዴ ውስጥ በሶማሊያ ጦር ጥቃት ሞቷል። አገራችንን ከልቡ የወደደ ሰው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከሮቢንሰን ጋር ግን አልተስማሙም።

ሮቢንሰን በ1928 መጨረሻ አገሩ ሲመለስ ቺካጎ ላይ በብዙ ሺህ ሕዝብ እንደ ጀግና ተቀብላው ነበር። እዚያው ቆይቶ የበረራ ትምህርት ቤት ከፍቶ፣ በጦርነቱ ጊዜም አስተምሮ መኖር ይችል ነበር። በ1936 ዓ.ም. ግን ተመለሰ። ብቻውን አይደለም፣ ጥቁር አሜሪካውያን መካኒኮችና አሠልጣኞች አብረውት መጡ። አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያን ወጣቶች ከዜሮ ማስተማር ጀመሩ። ሞተር መፍታት፣ መግጠም፣ ከዚያ መብረር። የስዊድኖቹ ቡድን ሲመጣ፣ በጀት፣ አውሮፕላንና ሥልጣን ወደ ቢሾፍቱ ሲሄድ፣ ከፎን ሮዘን ጋር እስከ መጣላት ደረሰ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ሄደ፣ እሱም ከአየር ኃይሉ ወጣ። ወደ አሜሪካ አልተመለሰም። ማስተማሩንና መብረሩን ቀጠለ።

እንደ እኔ ከሆነ የሮቢንሰን ትልቁ ሥራ የ1928ቱ አይደለም፣ ምንም እንኳ መጽሐፎቹ በሙሉ እሱ ላይ ቢያተኩሩ። በዚያ ጦርነት ማንም ምንም ሊያደርግ አይችልም ነበር። ትልቁ ሥራው ከ1936 በኋላ ያለው፣ ፎቶ የሌለው፣ ጋዜጣ የማይጽፍለት፣ በየቀኑ ጠዋት ጀማሪ አጠገብ መቀመጡ ነው። እነዚያ የእንግሊዝ ድንጋዮች ላይ ስማቸው ትንሽ በዕድሜ ከፍ ያሉት አስተማሪዎች ያደረጉትን ነው ያደረገው።

መጋቢት 1946 ዓ.ም. ኤል 5 ስቲንሰን የምትባል ትንሽ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ይዞ ከአዲስ አበባ ተነሳ። የሁለተኛው ጦርነት ትርፍ ናት፤ ሸራና ቱቦ፣ ቁስለኛ ለማንሳትና መልእክት ለማድረስ የተሠራች። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ እንደሚሉት የዚያን ቀን የያዘው ለታማሚ የሚደርስ ደም ነበር። አውሮፕላኗ እዚያው ከተማዋ ውስጥ ወደቀች። አብሮት የነበረው ሰው ሞተ። ሮቢንሰን ክፉኛ ተቃጥሎ ሆስፒታል ገባ፣ ሁለት ሳምንት ታግሎ መጋቢት 18 ቀን አረፈ። ዕድሜው 50 ገደማ ነበር።

አብሮት የሞተው መሐንዲስ ጣሊያናዊ ነው። ዓድዋ ላይ ከታች ሆኖ ቦምቡን ካየ ከ18 ዓመት በኋላ ሮቢንሰን የመጨረሻ በረራውን የበረረው ከጣሊያናዊ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ነው።

የአሜሪካ ኤምባሲ በግቢው ያለውን የንባብ አትክልት ሥፍራ በስሙ ሰይሞለታል። መቃብሩ አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነው።